የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ፣ ሀይብሪድ ልፈልግ ወይስ ቪትዜን ይዤ ልቆይ?

የአባዶዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ጥያቄ እዚህ ያመጣሁት ሻጭም ዘመድም ያልሆነ ሰው እንዲመልስልኝ ነው። ሻጭ ሲጠየቅ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። ዘመድ ሲጠየቅ ደግሞ የራሱን መኪና ነው የሚያወድሰው።

ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስን ጨምሮ በቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ያለኝ 1.3 ቪትዝ ነው። ጎኑ ተቧጭሯል እንጂ ሞተሩም ካምቢዮውም ደህና ነው። የመረረኝ ቤንዚን ነው። ሊትሩ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ዋጋውን እሺ ብንል እንኳ ሰልፉ አለ። ስንት ሰዓት ቆሜ ወረፋዬ ሊደርስ ሲል "አልቋል" ተብዬ ተመልሻለሁ። አለቃዬ ሰልፍ ላይ ነበርኩ የሚለውን ነገር መስማት ሰልችቶታል፤ አልፈርድበትም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን የማደርስላት እኔ ነኝ። ወር ሳይሞላ አንዴ እሄዳለሁ። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚጥለኝ መኪና አልፈልግም።

ያሰብኩት ሦስት ነገር ነው። ቪትዙን ሸጬ፣ ብድር ጨምሬ ትንሿን የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ መኪና ሲጋልን መግዛት። ወይ ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ ሀይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን፣ ፈልጎ መግዛት። ካልሆነም በቪትዙ መቀጠል። ባለቤቴ "መብራት እንደ ልብ በሌለበት አገር መብራት የሚበላ መኪና አይገዛም" ባይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ ይለኛል። ሁለቱም አሳማኝ ነገር ስለሚያወሩ መወሰን አቃተኝ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቻርጅ እንዴት ነው የሚደረገው? ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመለሳል? ባትሪው ቢሞትስ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

የሜትር ታክሲው ልጅ

እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ። እኔ ድሮ በዲዛየር ነበር የምሠራው። ከገቢዬ ግማሹ ማደያ ነበር የሚገባው። አሁን በኤሌክትሪክ እየሠራሁ ነው፣ ማታ እሰካለሁ፣ ጠዋት እወጣለሁ። ኦሊዮ የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ቁልቁለት ላይ እግርሽን ስታነሺ መኪናው ራሱ ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅብሽም።

ሲጋል ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት። 30 ኪሎዋት ሰዓት ያላትና ወደ 39 የሚጠጋ ያላት። ወረቀቱ ላይ 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይላል። እሱ የቻይና መለኪያ ነው፣ አትመኚበት። በእኛ መንገድና ዳገት ከዚያ ላይ ሩቡን ቀንሰሽ አስቢ። ደብረ ብርሃን የምትሄጂ ከሆነ ትልቁን ያዢ።

ባትሪውን አትፍሪ። ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነት ነው፣ ሙቀትንም ተደጋጋሚ መሙላትንም ይችላል። ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርሽ። ባትሪው የተዘረጋው ሆዱ ስር ነው። ስትገዢ ስኮርታ ጎማ አብሮ መኖሩን እይ፣ ብዙዎቹ የላቸውም፣ ጎማ መንፊያና ሙጫ ብቻ ነው የሚሰጡት። ጎማሽ ፈንድቶ ጎሚስታ ጋ ስትሄጂ ደግሞ ከመኪናው ወርደሽ ቁሚ። ክሪኩን መሃል ሆድ ላይ ሊያስገባ ይችላል፤ እንደ ለመደው ነው የሚሠራው፣ ክፋት የለውም። ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች አሉ፣ ጠርዙ ላይ ምልክት አላቸው። አንቺ እጅሽን ዘርግተሽ "እዚህ ጋ" በይው። ኮብልስቶን ላይ ስትወጪም ቀስ በይ፣ መኪናዋ ዝቅ ያለች ናት።

ከዲሲ

"ዓይንሽን ጨፍነሽ" የሚለው ምክር ለማንም አይሰጥም፣ በተለይ ለብድር ገዢ።

እኔ አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምሠራው፣ ታክሲ። እዚህ ታክሲ የምንነዳ ሐበሾች ብዙዎቻችን የቶዮታው ሀይብሪድ ፕሪየስ ላይ ነው ያረጀነው። ሀይብሪድን በወሬ ሳይሆን በወገቤ ነው የማውቀው። መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩ ይጠፋል። ስትነሺ ባትሪው ይገፋል። ፍሬን ስትይዢ ባትሪው ይሞላል። ስለዚህ የከተማ ትራፊክ ሌላውን መኪና ሲጎዳ ፕሪየስን ይጠቅመዋል። በሊትር 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሄድ የኖርኩበት መኪና ነው። አዲስ አበባ ዳገቱም አቧራውም ስላለ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ቢሆንም ከቪትዝሽ በብዙ ይሻላል። ቻርጀር አይፈልግም፣ ቆጣሪ አይፈልግም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አይፈልግም። መብራት ቢሄድም ባይሄድም እናትሽ ጋ ይደርሳል።

የፕሪየስ ባትሪ ትንሽ ነው፤ የድሮዎቹ 28 ሞጁል፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪ፣ ተደርድሮ የተሠሩ ናቸው። ሁሉም በአንድ ቀን አይሞትም። ሁለት ሦስቱ ይደክማሉ፣ እነሱ ሌላውን ይጎትቱታል። የሚያውቅ ሰው የደከመውን ለይቶ ይቀይራል። ከመግዛትሽ በፊት በስካነር የእያንዳንዱን ቮልቴጅ አስነብቢ፤ አንዱ ከሌላው በጣም የሚለይ ከሆነ ተዪው። ከኋላ ወንበር ጎን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በእሱ ነው። የእኛ አገር አቧራ እሱን ይደፍነዋል፣ ባትሪው ይግላል፣ ከዚያ ያልቃል። ሻጩ ፊት ክፈቺውና እዪው። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ካገኘሽ ያ መኪና እንዴት እንደ ተያዘ ገባሽ ማለት ነው።

አንድ እውነት ግን አለ። ከጥር 2016 ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ተከለከለ ሀይብሪድ የምታገኚው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። ያረጀም ቢሆን ዋጋው አልወረደም። እኔ ለእህቴ ልጅ ከዚህ ልልክለት አስቤ ነበር፣ ቀድሞውንም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ስለሚጥል የሚሞከር አልሆነም።

ሌላው፣ አዲስ አበባ ያሉት አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የኩባንያው ዋስትና እዚያው ቻይና ነው የቀረው። ፋራ ቢሰበር፣ ፓራውልት ቢሄድ ዕቃውን ከየት ነው የምታመጪው? ይሄን ለሻጩ ጠይቂው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ።

ገመድ ዘርጊው

እህቴ፣ ስለ መኪናው የተነገረሽ ሁሉ ደህና ነው። እኔ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ በዚህ ሙያ ነው ያረጀሁት። አሁን አሁን ከሥራዬ አብዛኛው የመኪና ቻርጀር ሆኗል። ስለዚህ የምጠይቅሽ ስለ ግድግዳሽ ነው። መኪናሽ የሚያድረው የት ነው? ከቆጣሪሽ እስከዚያ ስንት ሜትር ይሆናል? ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ አለሽ? ለእነዚህ መልስ ሳታገኚ ቪትዙን እንዳትሸጪ። በእኛ አገር ኤሌክትሪክ መኪና የሚያዋጣውና የማያዋጣው ሰው የሚለየው በማደሪያው ነው።

መጀመሪያ ፍርሃት ላቅልልሽ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ትፈልጋለች። ስለዚህ ያንቺ የቀን ፍጆታ፣ ቻርጀሩ ላይ የሚባክነውን ጨምረን፣ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ላይ ሲሆን ወደ 2 ኪሎዋት ይስባል። ሦስት ሰዓት በቂው ነው። ከእንጀራ ምጣድሽ ያነሰ ነው የሚስበው፤ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ልዩነቱ ምጣዱ ሲግል ይጠፋል ይበራል፣ መኪናው ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እይው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ቤትም በውድ ደረጃ ነው የሚከፍለው። እንዲያው አብዝተን ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር እንበለው። 100 ኪሎ ሜትር በ130 ብር ሄድሽ። ቪትዝሽ በሊትር 12 ትሄዳለች ብንል ለዚያው መንገድ ከ8 ሊትር በላይ ትፈልጋለች፣ 1,000 ብር ማለት ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ግድግዳው። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። "ቻርጀሩ ተበላሸ" ብለውኝ ነው። ቻርጀሩ ምንም አልሆነም። ከሳሎን ሶኬት ላይ ኤክስቴንሽን ጎትተው፣ በመስኮት አውጥተው፣ ግቢ ድረስ አድርሰውታል። የተረፈውን ገመድ ደግሞ ጠቅልለው ምንጣፍ ስር አስገብተውታል። ስፒናውን ልነቅል ስይዘው አልነቀል አለኝ። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጦ ስፒናው ላይ ተጣብቋል። አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል። ምንጣፉን ሳነሳው ወለሉ ላይ የገመዱ ቅርጽ ታትሟል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ሦስት ልጆች ነበሩ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ። ብሬከሩ ለምን አልወደቀም ብለው ጠየቁኝ። ብሬከሩ 32 አምፔር ነው፣ ገመዱ የሻይ ማፍያ ገመድ ነው። ብሬከሩ ምንም አልተሰማውም።

ስለዚህ መኪናው የራሱ መስመር ይፈልጋል። ከማከፋፈያ ሳጥንሽ በቀጥታ የሚወጣ፣ ለሌላ ነገር የማይነካ። ለተንቀሳቃሹ ቻርጀር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ሰው ሲነካው የሚቆርጥ አርሲዲ። መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር። ጥሩ ሶኬት ግዢ፣ ርካሹን አትግዢ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ከሞላ በኋላ ስፒናውን በእጅሽ ያዢው። ለብ ካለ ደህና ነው። ይዘሽ መቆየት ካቃተሽ ንቀይና ሰው ጥሪ።

ከሁሉም በላይ የማሳስብሽ ኧርዝ ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ፍሪጅም ቴሌቪዥንም አይጠይቅም። የመኪና ቻርጀር ግን ይጠይቃል፤ ኧርዝ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ይሄኔ አንዳንዱ "ባለሙያ" ምን ያደርጋል? ኒውትራሉን፣ ማለትም መብራቱ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከምሰሶው ላይ ቢላቀቅ ግን 220 ቮልት የመኪናው አካል ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ እጀታው። ዝናብ ላይ የቆመ ልጅ በሩን ሲነካ ምን እንደሚሆን አልጽፍም። ይሄን ሽቦ ባገኘሁበት ቤት ሁሉ ቆርጬዋለሁ፣ ባለቤቱ ቢቆጣም። አንቺም ሠራተኛው ሲጨርስ ሶኬቱን አስከፍተሽ እይ። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ የተሻገረ ሽቦ ካለ አትክፈዪው።

ትክክለኛው ሥራ ቀላል ነው። ከሜትር ተኩል የማያንስ የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ላይ ይቀበራል፣ ከዚያ አረንጓዴና ቢጫ ገመድ ወደ ሳጥንሽ ይመጣል፣ በመለኪያ ይለካል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። የሁላችሁም ካርድ ቆጣሪ በአብዛኛው ታች፣ ደረጃው አካባቢ ነው የሚገኘው። ይሄ ይጠቅምሻል፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ገመድ አንጎትትም። ከራስሽ ቆጣሪ ቀጥሎ ትንሽ ሳጥን እንሰቅላለን፣ ከዚያ በቱቦ ውስጥ መሬት ለመሬት እስከ መኪናሽ ማቆሚያ። ጫፉ ላይ ቁልፍ ያለው ሳጥን። የራስሽ ካርድ ስለሆነ ማንም አይጨቃጨቅሽም። የደረጃ መብራትና የውኃ ፓምፕ የሚሠራበት የጋራ ቆጣሪ ላይ ግን እንዳትሰኪ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የተጣላበትን ብሎክ አውቃለሁ። ከመቆፈርሽ በፊት ኮሚቴውን በደብዳቤ ጠይቂ። ማቆሚያው ቋሚ ካልሆነ፣ ማለትም የቀደመ የሚያቆምበት ከሆነ፣ መኪናውን ለጊዜው ተዪው ነው የምልሽ። ከተማ ውስጥ ፈጣን ቻርጀሮች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም የተከላቸው በቴሌብር የሚከፈልባቸው አሉ። በእነሱ ላይ ብቻ መኖር ግን የቤንዚኑን ሰልፍ በመብራት ሰልፍ መቀየር ነው።

የወረዳ መምህር

የምታወሩትን ሁሉ አነበብኩ። ቅር ያለኝን ልናገር።

እኔ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው የማስተምረው። በዚህ አገር ግማሽ ያህሉ ሰው ቤቱ መብራት የለውም። እኛ ዘንድ መስመሩ ቢኖርም ሲሄድ ለቀናት ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ የክትባት ፍሪጅ ሲጠፋባት በረዶ ፍለጋ ሞተር ተከራይታ ከተማ ስትሄድ አይቻለሁ። ተማሪዎቼ የሚያጠኑት በስልክ መብራት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ሲያደርግ የተጠቀመው መኪና መግዛት የሚችለው ሰው ነው። የተተወው ግብር ግን የሁላችን ነበር። እህቴ፣ አንቺን አልወቅስሽም፣ ኑሮሽን ነው የምትኖሪው። ግን "ያዋጣል ወይ" ሲባል ለማን ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እዚህ መኖር አለበት።

እኛ የምንፈልገው አውቶቡስ ነው። ገበያ የሚያደርስ፣ ነፍሰ ጡር ሆስፒታል የሚወስድ።

ገመድ ዘርጊው

መምህር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። አክብሬ ልመልስ።

መኪናው የጤና ጣቢያውን መብራት ወሰደ ወይ? እንቁጠረው። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ ኤሌክትሪክ መኪና አገር ውስጥ አለ ብሏል። 100 ሺህ መኪና እያንዳንዱ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ፣ ሌሊቱን በስምንት ሰዓት ውስጥ ቢሞላ፣ በአንድ ጊዜ የሚስበው 75 ሜጋዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እዚያ በኩል ትልቅ ሸክም አይደለም። ለእናንተ ያልደረሰው መስመሩ፣ ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ ነው። እሱ ላይ ገንዘብ መዋል አለበት፣ ከመኪናም ይቀድማል። በዚህ አብሬዎት እቆማለሁ።

ቤንዚኑ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ እዚህ እስኪደርስ ራሱ ናፍጣ ይበላል። ውኃው ግን የራሳችን ነው። እኔ ኤሌክትሪክ መኪና እንዲበዛ የምፈልገው ለዚህ ነው። አውቶቡስና ሚኒባስ ቢቀድም ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ሚኒባስ በአንድ ቀን የሚያድነውን ቤንዚን የእህታችን መኪና በሳምንትም አታድነው።

የሚያሳስበኝ የሰፈር ትራንስፎርመር ነው። 200 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ስር ሠላሳ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን 7 ኪሎዋት ቻርጀር ገጥሞ፣ ከሥራ ገብቶ ምሽት 1 ሰዓት ላይ በአንዴ ቢሰካ 210 ኪሎዋት ሆነ፣ ከትራንስፎርመሩ አቅም አለፈ። ምጣዱ፣ ምድጃው፣ መብራቱ ገና አልተቆጠረም። አንዳንድ ሰፈር ምሽት ላይ 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ 180 ወርዶ ለክቻለሁ። በዚያን ሰዓት መኪና የሚሰካ ሰው የጎረቤቱን ፍሪጅ እየጎዳ ነው። ሰው ሲያሠራኝ "ትልቁን ግጠምልኝ" ይለኛል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 7 ኪሎዋት ምን ያደርግለታል? ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ትንሹ ይበቃዋል።

የአባዶዋ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። መምህር፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ እናቴም ጤና ጣቢያ ላይ ነው ያገለገለችው።

ጋሼ ገመድ ዘርጊው፣ ዛሬ ከሥራ ስገባ ወርጄ አየሁት። ቆጣሪዎቹ እርስዎ እንዳሉት ታች፣ ደረጃው ስር ናቸው። የእኔ ማቆሚያ ቋሚ ነው፣ ቁጥር ተጽፎበታል። በእርምጃ ስቆጥረው ወደ ሃያ አምስት ሜትር ይሆናል። የኮሚቴው ጸሐፊ "ደብዳቤ አምጪ፣ ሌላም ሰው ጠይቋል" አለችኝ። ይሄ ደስ አሰኝቶኛል። የቀረኝ ደብረ ብርሃን ነው። የእናቴ ቤት የድሮ ቤት ነው፣ ኧርዝ ይኖረዋል ብዬ አላስብም።

ገመድ ዘርጊው

ሃያ አምስት ሜትር ከሆነ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አድርጊው። ማቆሚያው ቋሚ ከሆነ እኔ ግዢ ባይ ነኝ። ሀይብሪዱ ጥሩ መኪና ነው፣ የዲሲው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሀይብሪድም ቤንዚን ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ያንቺ ችግር ደግሞ እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ80 ፍጥነት ብትነጂ ለመንገዱ 18፣ ለዳገቱ 2 ኪሎዋት ሰዓት ጨምረሽ፣ 20 ያህል ይበላል። ትልቁ ባትሪ 39 አካባቢ ስለሆነ ግማሹን ይዘሽ ትደርሻለሽ። መመለሻው ስለሚወርድ ያነሰ ይበላል፣ 16 ገደማ። ሁለቱን ስትደምሪው 36 ነው። በወረቀት ይመልስሻል። እኔ ግን በእንደዚህ ያለ ትርፍ ልጄን መንገድ አላወጣም። ነፋስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ መንገድ ተዘግቶ መዞር አለ። ትንሹ ባትሪማ ጨርሶ አይታሰብ።

ስለዚህ እናትሽ ቤት ስታድሪ መሙላት አለብሽ። አንድ ሌሊት በተንቀሳቃሹ ቻርጀር ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይገባልሻል፣ ሌላ አያስፈልግሽም። መኪናውን ከመግዛትሽ በፊት በቪትዙ ስትሄጂ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪና ኧርዝ አስቀብሪ። ቦታው የቤቱ ውኃ የሚፈስበት ጎን ቢሆን ይመረጣል፣ በበጋም አፈሩ አይደርቅም። ለመኪናው የራሱን መስመር ያውጣ። የእናትሽ ኢንሱሊን ያለበት ፍሪጅ የተሰካበት መስመር ላይ በፍጹም አትደርቢ፤ ብሬከሩ ሌሊት ቢወድቅ ጠዋት ነው የምታውቂው።

ቻርጀሩ አምፔር መቀነሻ ካለው እዚያ 8 ላይ አድርጊው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስኪው፣ ያኔ የሰፈሩ ቮልቴጅ ይመለሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን በጣም ይበርዳል፤ ብርድ ላይ ባትሪው ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ አትደንግጪ። በሚቀጥለው ስትሄጂ የቆጣሪዋንና የዋናውን ብሬከር ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገሽ አንሺው፣ የሚችለውን አይቼ እነግርሻለሁ።